በሌላ ሰው ስም የጠየቀች ተማሪ፤ የሶፊ ዠርሜን የሕይወት ታሪክ

መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲያስረዳው ቀላል መስሎ የታየው የሒሳብ ጥያቄ፣ ተማሪው ማታ በቤቱ ደብተሩን ገልጦ ለብቻው ሲቀመጥ ይከብደዋል። በዚያች ሰዓት ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል፤ ወይም አለማወቁን ሸሽጎ የጓደኛውን መልስ ይገለብጣል፤ ወይም የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ይጠይቃል። መጠየቅ ግን ድፍረት ይሻል። ያልገባንን መግለጥ ድካማችንን መግለጥ ስለሚመስለን ብዙዎች ያፍራሉ፤ ሌሎችም ቢጠይቁ እንደሚሳቅባቸው አስቀድመው ይገምታሉ። እንግዲህ የቤት ሥራውን ይዞ ርዳታ የሚሻ ተማሪና ርዳታ የሚለመነው ሊቅ የሚገናኙባት ሰዓት እንደ ቀላል ነገር የምትታይ አይደለችም። የአንድ ሰው የዕውቀት ዕድል በእርሷ ሊከፈት ወይም ሊዘጋ ይችላልና።

ይህን ነገር አጥርቶ ከሚያሳዩን ታሪኮች አንዱ የፈረንሳዊቷ የሒሳብ ሊቅ የሶፊ ዠርሜን ሕይወት ነው። ስለ ቁጥሮች ጠባይና ስለ ጠጣር አካላት ንዝረት በሚነገርበት ሥፍራ ሁሉ ስሟ ይጠራል። ነገር ግን ይህች ሴት በሕይወቷ ሙሉ በአንድ የሒሳብ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው መጻሕፍትን በማንበብ፣ የሠራችውን ጽፋ ለሊቃውንት በመላክና እርማታቸውን በመጠበቅ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሶፊ ዠርሜን በአፕሪል 1 ቀን 1776 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደች። አባቷ አምብሩዋዝ ፍራንሷ ዠርሜን የሐር ነጋዴ ነበረ፤ ለሦስት ሴቶች ልጆቹም የሚበቃ ሀብት ነበረው። ከሦስቱ እኅትማማች ሁለተኛዪቱ ሶፊ ናት። በ1789 ዓ.ም. የፈረንሳይ አብዮት ሲነሣ አባቷ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ፤ ፓሪስም በሁከት ተሞላች። ሕዝቡ የባስቲይን ምሽግ በያዘበት በዚያ ዓመት ሶፊ የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። መንገዱ ለልጃገረድ የሚያሰጋ ስለነበረ ከቤት ሳትወጣ ብዙ ጊዜ ቆየች፤ ውሎዋም በአባቷ የመጻሕፍት ክፍል ሆነ።

በዚያ ክፍል ካገኘቻቸው መጻሕፍት መካከል ሞንቱክላ የጻፈው የሒሳብ ታሪክ ነበረ። በውስጡም የአርኪሜዴስን አሟሟት አነበበች። የሮማ ወታደሮች የሲራኩስን ከተማ በያዙ ጊዜ ሽማግሌው ሊቅ አንድ የጂኦሜትሪ ሥዕል እየተመለከተ በሐሳብ ተመስጦ ስለነበረ ለወታደሩ ሳይመልስለት ቀረ፤ በዚህም ተገደለ። ልጅቱ ይህን ባነበበች ጊዜ፣ ሰውን ሞትን እስኪያስረሳው ድረስ የሚመስጥ ዕውቀት ምን ዐይነት ዕውቀት እንደሆነ ለማየት ቈረጠች። ከዚያች ቀን ጀምሮም በቤቱ የተገኘውን የሒሳብ መጽሐፍ ሁሉ ማንበብ ያዘች። ኒውተንና ኦይለር የጻፉት በላቲን ቋንቋ ስለነበረ፣ ላቲንንም ያለ አስተማሪ ተማረች።

ወላጆቿ ይህን አልወደዱላትም። በዚያ ዘመን ሒሳብ ለሴት ልጅ የሚገባ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበረ። ሌሊት ተነሥታ እንዳታነብ እሳቱን ከመኝታ ክፍሏ አወጡ፤ የሚሞቅ ልብሷንና መብራቷን ወሰዱ። እርሷ ግን ደብቃ ባኖረቻቸው ሻማዎች ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ጧት ቤተ ሰቧ በጠረጴዛዋ ላይ ተኝታ አገኟት፤ ቀለሙ በቢልቃጡ ውስጥ በብርድ ረግቶ፣ ወረቀቷ በቁጥር ተሞልቶ ነበር። በዚህ ጊዜ ወላጆቿ ተሸነፉ። አባቷም ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በገንዘቡ ረዳት፤ እርሷም ባል ሳታገባ መላ ዕድሜዋን ለትምህርት ሰጠች።

በቤቷ ፈቃድ ብታገኝም አንድ ነገር ጐድሏት ነበር፤ እርሱም ያልገባትን የምትጠይቀው ሰው ነው። መጽሐፍ ለአንባቢው ይነግረዋል እንጂ አንባቢው የት ላይ እንደተሳሳተ አይነግረውም። በ1794 ዓ.ም. ኤኮል ፖሊቴክኒክ የተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት በፓሪስ ተከፈተ። በዘመኑ ከነበሩት የሒሳብ ሊቃውንት ታላላቆቹ የሚያስተምሩበት ቤት ነበረ፤ ነገር ግን ሴት ተማሪ አይቀበልም ነበር። ሶፊ በዚያ ጊዜ የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። በበሩ ልትገባ ባትችልም፣ በክፍል የሚሰጠው ትምህርት ተጽፎ ይገኝ ስለነበረ ጽሑፉን በሰው እጅ እያስመጣች ታጠና ጀመር።

በትምህርት ቤቱ ልማድ ተማሪዎች በትምህርቱ ላይ ያላቸውን አስተያየትና የሠሩትን ሥራ ለመምህሩ በጽሑፍ ያቀርቡ ነበር። ሶፊም ለ ብላን የሚል የወንድ ተማሪ ስም ይዛ ሥራዋን ለመምህሩ ለላግራንዥ ላከች። በራሷ ስም ያልላከችውም፣ በኋላ እንደገለጠችው፣ ሴት ምሁር እየተባለች መሳለቂያ እንዳትሆን ፈርታ ነው። ላግራንዥ የታወቀ ሊቅ ነበረ፤ ከብዙ ተማሪዎች ወረቀት መካከልም የዚህ ለ ብላን የተባለ ተማሪ ሥራ ዐይኑን ሳበው። ሊያየው ፈልጎ ማንነቱን ባስጠየቀ ጊዜ ወጣት ሴት ሆና አገኛት። ላግራንዥ አላፈረባትም፤ ወረቀቱንም አልጣለም። ወደ እርሷ ሄዶ ሥራዋን አመሰገነ፤ ከዚያም በኋላ ደጋፊዋ ሆነ።

ወሬው በፓሪስ ከተሰማ በኋላ ብዙ ሰዎች ሊያይዋት መጡ። ከእነዚህም አንዱ የታወቀው የሥነ ፈለክ ሊቅ ላላንድ ነበረ። በ1797 ዓ.ም. ባነጋገራት ጊዜ፣ የላፕላስን መጽሐፍ ለመረዳት እንድትችል አስቀድማ እርሱ ራሱ ለሴቶች ብሎ ያዘጋጀውን ቀላል መጽሐፍ እንድታነብ መከራት። እርሷ በዚያን ጊዜ ከዚያ መጽሐፍ እጅግ ርቃ ሄዳ ነበርና ንግግሩ አስቈጣት፤ ላላንድም ይቅርታ የሚጠይቅ ደብዳቤ ሊጽፍላት ግድ ሆነበት። ሊቁ ክፉ አሳብ አልነበረውም። ጥፋቱ ተማሪዪቱ ምን ያህል እንደምታውቅ ሳይጠይቅ፣ ሴት መሆኗን ብቻ አይቶ መጽሐፍ መምረጡ ነው።

ሌሎቹም ጐብኚዎች ያመጡላት ምስጋና እንጂ ትምህርት አልነበረም። የሚደነቅባት ብዙ ሆኖ ሳለ፣ ከመሠረቱ ጀምሮ በተራ የሚያስተምራትና ስሕተቷን በየዕለቱ የሚያርምላት ሰው አልተገኘም። የዚህ ጉድለት ዋጋ በኋላ ይታያል።

በ1801 ዓ.ም. ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪክ ጋውስ ስለ ቁጥሮች ጥናት ታላቁን መጽሐፉን አሳተመ። መጽሐፉ እጅግ ጥልቅ ስለነበረ በሚገባ የተረዱት ሰዎች ጥቂቶች ነበሩ። ሶፊ ግን ሦስት ዓመት ያህል ካጠናችው በኋላ በኖቬምበር 1804 ዓ.ም. የራሷን ሥራ ጨምራ ለጋውስ ደብዳቤ ጻፈች። አሁንም በለ ብላን ስም ነበር። ጋውስ መለሰላት፤ በመጽሐፉ የተደሰተ ብልህ አንባቢ በማግኘቱም ደስ አለው።

በ1806 ዓ.ም. የናፖሌዎን ሠራዊት ጋውስ ይኖርበት የነበረውን የብራውንሽቫይግን አገር ያዘ። ሶፊ ይህን ስትሰማ በልጅነቷ ያነበበችው የአርኪሜዴስ አሟሟት ትዝ አላት። ፔርኔቲ የተባለ ጄኔራል የቤተ ሰቧ ወዳጅ ነበረና ጋውስን እንዲጠብቅላት ለመነችው። ጄኔራሉም መኰንን ልኮ የሊቁን ደኅንነት አስጠየቀ። ጋውስ ሶፊ ዠርሜን የምትባል ወይዘሪት ስለ እርሱ እንደምታስብ ሲነገረው፣ እንዲህ ያለች ሴት እንደማያውቅ ተናገረ። እንግዲህ ምስጢሩን ለመግለጥ ተገደደች፤ በ1807 ዓ.ም. መጀመሪያም ለ ብላን የተባለው ጸሓፊ እርሷ መሆኗን ጽፋ አሳወቀችው።

ጋውስ በዚያው ዓመት በአፕሪል 30 ቀን፣ ማለት 30 ዓመት በሞላው ዕለት፣ የመለሰላት ደብዳቤ መምህር ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነው። በመጀመሪያ አድናቆቱን ገለጠ፤ ሴት በልማድና በሰው አስተያየት ምክንያት ከወንድ ይልቅ እጅግ የበዛ መሰናክል እያለባት ይህን ያህል ከዘለቀች፣ ታላቅ ድፍረትና ልዩ ተሰጥዎ እንዳላት አያጠራጥርም የሚል ሐሳብ ጻፈላት። በዚያው ደብዳቤ ግን ስሕተቷን አልደበቀላትም።

ሶፊ እንዲህ የሚል አሳብ አቅርባ ነበር። ሁለት ቁጥሮች ወደ አንድ ርቢ ከፍ ተደርገው ሲደመሩ፣ ድምሩ የአንድ ቁጥር ካሬና የሌላ ቁጥር ካሬ በዚያው ርቢ ተባዝቶ የሚደመሩበት ዐይነት ከሆነ፣ የሁለቱ ቁጥሮች ተራ ድምርም እንደዚሁ ዐይነት ይሆናል ብላ ነበር። ጋውስ 15ንና 8ን ወሰደ፤ ርቢውንም 11 አደረገ። የ15 11ኛ ርቢና የ8 11ኛ ርቢ ሲደመሩ ከተባለው ዐይነት ናቸው። ነገር ግን 15ና 8 ሲደመሩ 23 ይሆናሉ፤ 23 ደግሞ ከዚያ ዐይነት አይደለም። ማንም ተማሪ ይህን በሰሌዳ ላይ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ 23 ራሱ ካሬ አይደለም፤ ከ23 ላይ 11 ቢቀነስ የሚቀረው 12ም ካሬ አይደለም፤ 11ን በሚቀጥለው ካሬ በ4 ቢያባዙት 44 ይሆንና ከ23 ይበልጣል። ጋውስ ምሳሌውን ሰጣት እንጂ አልተሳለቀባትም፤ ሴት ናት ብሎም በስሕተቷ አላለፋትም። ከምስጋናው ቀጥሎ እርማቱን መጻፉ ራሱ ሌላ ምስጋና ነበረ፤ ሥራዋን እንደ ባልንጀራው ሥራ አድርጎ መርምሮታልና።

ይህ መልካም ርዳታ ግን ብዙ አልቈየም። ጋውስ በጌቲንገን የሥነ ፈለክ መምህር ከሆነ በኋላ አሳቡ ወደ ሌላ ሥራ አዘነበለ፤ ደብዳቤውም ተቋረጠ። ሶፊ እንደገና ብቻዋን ቀረች።

በዚሁ ወራት፣ በ1808 ዓ.ም.፣ ክላድኒ የተባለ ጀርመናዊ ወደ ፓሪስ መጥቶ አንድ አስደናቂ ነገር አሳየ። በቀጭን ሰሌዳ ላይ ደቃቅ አሸዋ ይነሰንስና የሰሌዳውን ጠርዝ በቫዮሊን መምቻ ቀስት ሲያሸው፣ ሰሌዳው እየተንቀጠቀጠ ድምፅ ይሰጣል፤ አሸዋውም የማይንቀሳቀሰውን ሥፍራ ተከትሎ በመስመርና በኮከብ መልክ ይሰበሰባል። የዚህን ምክንያት በሒሳብ የሚገልጥ ሰው አልነበረም። በናፖሌዎን ፈቃድ የፈረንሳይ ኢንስቲትዩት፣ በኋላ የሳይንስ አካዳሚ የተባለው ጉባኤ፣ 3000 ፍራንክ የሚያወጣ የወርቅ ሜዳሊያ ሽልማት አድርጎ ጥያቄውን ለሊቃውንት አቀረበ። ብዙዎች ያሉት የሒሳብ መሣሪያዎች ለዚህ አይበቁም ብለው ስላሰቡ እጃቸውን አላነሡም።

በ1811 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ የቀረበው መልስ አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የሶፊ ዠርሜን ነው። ዳኞቹ ሽልማቱን አልሰጧትም። መነሻ አሳቧ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከእርሱ እኩልታውን ስታወጣ ተሳስታ ነበር፤ ስሕተቱም ሥርዐት ያለው ትምህርት ባለማግኘቷ የመጣ ነበር። በኤኮል ፖሊቴክኒክ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ሁሉ የሚለማመደውን የስሌት ዘዴ እርሷ የቀሰመችው ከመጽሐፍ እየቃረመች ነበርና። እዚህ ላይ ላግራንዥ እንደገና ረዳት፤ ከእርሷ መነሻ አሳብ ትክክለኛውን እኩልታ አውጥቶ አሳየ። ሥራውን ግን አልጨረሰላትም። ያ እኩልታ በእውነት የአሸዋውን መልክ የሚገልጥ መሆኑን ማሳየት የእርሷ ፈንታ ሆኖ ቀረ።

ውድድሩ ተራዘመ፤ በ1813 ዓ.ም. ሁለተኛ ጊዜ አቀረበችና የክብር ስም ብቻ ተሰጣት። አሁንም ተስፋ አልቈረጠችም። ሦስተኛውን ሥራዋን አቀረበች፤ በጃንዋሪ 8 ቀን 1816 ዓ.ም. ሽልማቱ የእርሷ መሆኑ ታወጀ። ዳኞቹ በማረጋገጫው ጥብቅነት ላይ አንዳንድ ቅሬታ እንዳላቸው ገልጠው ነበር። እርሷም በሽልማቱ ጉባኤ ላይ አልተገኘችም። በሥራዋ የቀረው ጉድለት፣ በተለይም በሰሌዳው ጠርዝ ላይ ስለሚሆነው ነገር ያለው፣ በሚገባ የታረመው በ1850 ዓ.ም. በጀርመናዊው በኪርኾፍ ነው። የሆነ ሆኖ በሩን የከፈተችው እርሷ ናት።

ከዚህ በኋላ ወደ መጀመሪያ ፍቅሯ፣ ወደ ቁጥሮች ጥናት ተመለሰች። የ3 ካሬና የ4 ካሬ ሲደመሩ የ5 ካሬ እንደሚሆኑ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከካሬ በላይ ባለው ርቢ ሁሉ ግን እንዲህ ያሉ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች ከቶ አይገኙም ሲል ፌርማ በ17ኛው መቶ ዓመት ጽፎ ነበር፤ ማረጋገጫውን ግን አልተወም። ከሶፊ በፊት የነበሩት ሊቃውንት አንዱን ርቢ ከሌላው ለይተው ይታገሉ ነበር። እርሷ ብዙ ርቢዎችን በአንድነት የሚይዝ መንገድ ፈለገች። ከራሱና ከ1 በቀር በሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። ከ2 የሚበልጥ አንድ ብቸኛ ቁጥር በ2 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ደግሞ ብቸኛ ቁጥር የሚሆን ከሆነ፣ ለምሳሌ ከ3 7፣ ከ5 11፣ ከ11 23 እንደሚገኝ፣ በዚያ ርቢ የፌርማ እኩልታ ቢሠራ ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ ለርቢው መካፈል እንዳለበት አረጋገጠች። ዛሬም እነዚህ ብቸኛ ቁጥሮች በስሟ ይጠራሉ። በ1819 ዓ.ም. ዕቅዷን ሁሉ ዘርዝራ ለጋውስ ጽፋ ነበር። ሥራዋን በ1820ዎቹ ዓመታት በአካዳሚው ጽሑፍ ያሳወቀው ሌላው አማካሪዋ ለዣንድር ነው፤ በግርጌ ማስታወሻም ስሟን ጠርቶ መሰከረላት። የፌርማ አሳብ በሙሉ የተረጋገጠው ግን በ1995 ዓ.ም. በታተመው በእንግሊዛዊው በአንድሩ ዋይልስ ሥራ ነው።

የሳይንስ አካዳሚው ስብሰባ ከአባላቱ ሚስቶች በቀር ለሴት አይፈቀድም ነበር። በ1823 ዓ.ም. ወዳጇ ፉርየ፣ የአካዳሚው ዋና ጸሓፊ በነበረበት ጊዜ፣ የምትገባበትን ፈቃድ አስገኘላት። በራሷ ሥራ ምክንያት በዚያ አዳራሽ ለመቀመጥ የበቃች የመጀመሪያዪቱ ሴት እርሷ ናት። ያን ጊዜ 47 ዓመት ሊሞላት ተቃርቦ ወይም ሞልቷት ነበር።

በ1829 ዓ.ም. የጡት ነቀርሳ እንደያዛት ታወቀ። ሕመሙ ቢበረታባትም ሥራዋን አልተወችም። በጁን 27 ቀን 1831 ዓ.ም. በ55 ዓመቷ ዐረፈች። በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ከንብረቷ በሚገኝ ገቢ የምትኖር ሴት እንደነበረች ነው፤ የሒሳብ ሊቅ የሚል ቃል አልነበረበትም። በ1889 ዓ.ም. የኤፌል ግንብ ሲመረቅ የ72 ሊቃውንት ስም ተቀርጾበት ነበር፤ ላግራንዥ፣ ፉርየና ለዣንድር ከእነዚያ መካከል አሉ፤ የእርሷ ስም ግን አልገባም። ኤኮል ፖሊቴክኒክ ሴት ተማሪዎችን የተቀበለው በ1972 ዓ.ም.፣ ከተመሠረተ ከ178 ዓመት በኋላ ነው። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ2003 ዓ.ም. በስሟ የሚጠራ የሒሳብ ሽልማት አቋቁሟል።

እኛ መምህራን ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ብልህ ልጅ ያለ መምህር ሊዘልቅ ይችላል የሚለውን አይደለም። ታሪኩን እንዲህ አድርጎ የሚያነብ ሰው ሥራውን ከራሱ ላይ ማውረድ ይፈልጋል። የሶፊ ሕይወት የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ላግራንዥ ወረቀቷን ባነበበ ጊዜ ወደ ፊት ሄደች፤ ጋውስ ስሕተቷን በምሳሌ ባሳያት ጊዜ ጠነከረች፤ ርዳታው በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ማንም መምህር በአንድ ሳምንት ሊያርምላት የሚችለው ስሕተት ዓመታት ፈጀባት። ትጋቷ ከእርሷ ነው፤ የጠፋው ጊዜ ግን በሩን ከዘጉባት ሰዎች ነው።

ደግሞም የረዷት ሊቃውንት የረዷት ሥራዋን በመሥራት አልነበረም። አነበቡላት፤ የተሳሳተችበትን ቦታ አሳዩአት፤ የቀረውን ለእርሷ ተዉላት። የቤት ሥራ ይዞ ለሚመጣ ተማሪም የሚገባው ርዳታ ይህ ነው። መልሱን ጽፎ መስጠት ልጁን ለአንድ ምሽት ያሳርፈዋል፤ ስሕተቱን ማሳየት ግን በሚቀጥለው ምሽት ለብቻው እንዲቆም ያደርገዋል።

በየክፍላችን በኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ያልገባቸውን ለመጠየቅ እጃቸውን ለማንሣት የሚፈሩ ልጆች አሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ልጆች ናቸው። እንደ ሶፊ የሌላ ሰው ስም ይዘው የሚጽፉልን አይደሉም፤ ዝም ይላሉ፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ መረዳት ወይም እንደ ስንፍና እንቈጥረዋለን። የሠሩትን ደብተር ሰብስቦ ስሙን ሳያይ በጥንቃቄ የሚያነብ፣ ስሕተቱንም በአክብሮት የሚያርም መምህር ባለበት ትምህርት ቤት ግን ማንም ልጅ ለመጠየቅ ሲል ስሙን መደበቅ አያስፈልገውም።